«መከራ ይምከራት» የማይሠራበት በሽታ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ያዙና ተቀመጡ።

በእህቴ ልጀምር። «ስሜን ካልጠራህ ጻፈው» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ታላቅ እህቴ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር ናት። የምትኖረው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ሲሆን ሦስት ልጆች አሏት። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር «የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አደረግሽ?» እያልኩ ስነዘንዛት ኖሬያለሁ። ምክንያት አለኝ። የእናታችን ታናሽ እህት፣ በእጇ ያሳደገችን አክስታችን፣ የሞተችው በዚህ በሽታ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ሲታያት «ልጅነቴ ተመለሰልኝ» ብላ የቀለደች ሴት ነበረች። ቀልዱ ቀረና ሕመሙ መጣ። ለሰው እስክትናገር ከዓመት በላይ ፈጀባት። አዲስ አበባ አምጥተናት የጨረር ሕክምና ወረፋ ስትጠብቅ አረፈች።

ያስታመመቻት እህቴ ናት። አንሶላዋን የቀየረችው፣ ሌሊት አብራት የነቃችው እሷ ናት። ስለዚህ እህቴ ስለ በሽታው አታውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ከእኔ በላይ ታውቃለች። እኔ ግን የማታውቅ ይመስል ቪዲዮ ላክሁላት። የሟቾችን ቁጥር ላክሁላት። አንድ ቀንማ «አክስታችንን ረሳሻት እንዴ?» እስከማለት ደረስኩ። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«እሺ ወንድሜ፣ እሄዳለሁ።»

አልሄደችም።

ባለፈው ዓመት ለቤተሰብ ምጣኔ ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ስትል አንዲት አዋላጅ ነርስ አገኘች። ነርሷ እንደ እኔ «ተመርምረሻል ወይ?» አላለቻትም። «ስለ ማህፀን በር ምርመራ ሲነሳ መጀመሪያ ወደ ልብሽ የሚመጣው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻትና ዝም ብላ ጠበቀች።

እህቴ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ሁለት ነገር ተናገረች። አንደኛው፣ «ከተገኘብኝ እንደ አክስቴ መሆኔ ነው፤ ሳላውቀው ብቆይ ልጆቼ ትንሽ ያድጉልኛል» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ በዚያ ጤና ጣቢያ ምርመራውን ከሚሠሩት አንዷ የተማሪዋ እናት መሆኗ ነው። «የወላጆች ስብሰባ ላይ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ነርሷ አልሳቀችም፤ «ይህማ ምን ያሳፍራል» ብላም አላጣጣለችባትም። «አንድ ነገር ልንገርሽ?» ብላ ፈቃድ ጠየቀቻት። ምርመራው የሚፈልገው ካንሰሩን ራሱን ሳይሆን ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለውን ለውጥ እንደሆነ፣ አክስቷን የገደለውና ምርመራው የሚያገኘው ነገር በመካከላቸው ብዙ ዓመት እንዳለ ነገረቻት። ከዚያ «አንቺ ምን ቢሆን ይቀልሻል?» አለቻት። በጎረቤት ከተማ ባለ ሌላ ጤና ጣቢያ ብታደርገው እንደሚሻላት አብረው ደረሱበት። እህቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄደች። ውጤቱን አልነግራችሁም፤ የራሷ ጉዳይ ነው።

ይህን ስትነግረኝ በመደሰት ፈንታ ከፋኝ። «ይህን ሁሉ ለማታውቂያት ሴት ነግረሽ ለእኔ እንዴት አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንተ መቼ ጠየቅኸኝ? ጋዜጠኛ ነህ፤ መጠየቅ ሥራህ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ መልስ ነው።

*

ጊዜ የሚሰጥ በሽታ

ስለ በሽታው በአጭሩ ልበል፤ የቀረውን ለመረዳት ያስፈልገናል።

የማህፀን በር ካንሰርን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ፣ የሚባል ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሳ ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። በሕይወቷ ከባሏ ሌላ የማታውቅ ሴትም ልታገኘው ትችላለች። ስለዚህ ቫይረሱ የማንም ጨዋነት መለኪያ አይደለም። በብዙዎች ላይ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። በጥቂቶች ላይ ግን ይቆይና የማህፀን በር ሕዋሳትን ቀስ እያለ ይለውጣል። ከዓይነቶቹ ሁለቱ ብቻ፣ ቁጥር 16 እና 18፣ ከዚህ ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያደርሳሉ።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ቫይረሱ ገብቶ ካንሰር እስኪሆን በጤነኛ ሴት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የሰውነት መከላከያዋ የተዳከመ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላት ሴት በስድስት እጥፍ ይበልጣል። ያም ሆነ ይህ እንዲህ ረጅም ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ካንሰር ብዙ የለም።

ምርመራውም ቀላል ነው። በአገራችን በስፋት የሚሠራበት ዘዴ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወጥ ቤት ውስጥ አቼቶ የምንለው ዓይነት ፈሳሽ፣ የማህፀን በር ላይ ቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። የተለወጠ ቦታ ካለ ይነጣል። ለሕክምናው የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ሊወገድ ይችላል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራም አለ፤ ለዚህኛው ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ ልትወስድ ትችላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ይህን ካንሰር ከዓለም ለማጥፋት ስትራቴጂ አውጥቷል። እስከ 2030 ድረስ 90 በመቶ ልጃገረዶች እንዲከተቡ፣ 70 በመቶ ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ ከተገኘባቸው 90 በመቶው እንዲታከሙ ይላል። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ጀምራለች። ክትባቱ ግን ለነገዎቹ እናቶች ነው። የዛሬዎቹን፣ የእኔንና የእናንተን እህቶች፣ የሚያድነው ምርመራው ነው። በአገራችን ለምርመራው በዋናነት የሚጠሩት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው። እኛ ከዚያ 70 በመቶ ገና እጅግ ሩቅ ነን። በግምት በየዓመቱ ከ7 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያት በዚህ ካንሰር ይያዛሉ፤ ከ5 ሺህ በላይ ይሞታሉ።

ሃያ ዓመት ሲያስጠነቅቅ የኖረ በሽታ ነው እንግዲህ በዓመት ይህን ያህል ሴት የሚወስድብን።

*

ምከራት፣ ምከራት…

ጠዋት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው የማውቀውን ያውቃል። ሴቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አንዲት ባለሙያ ሥዕላዊ መግለጫ ይዛ ትቆማለች። «የማህፀን በር ካንሰር ገዳይ በሽታ ነው። ቀድሞ ከተገኘ ይድናል። ሁላችሁም መመርመር አለባችሁ። ገባችሁ?» ትላለች። «አዎ።» «ትመጣላችሁ?» «እሺ።» ይህን ያህል ሴቶች ትምህርት ተሰጣቸው ተብሎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሪፖርቱ ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ዞን ይሄዳል።

ባለሙያዋን አልወቅስም። እኔ ራሴ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ፕሮጀክት የሬዲዮ ማስታወቂያ ጽፌ ነበር። መጀመሪያ ላይ የለቅሶ ድምፅ፣ መሐል ላይ የሟቾች ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ «ዛሬውኑ ይመርመሩ!» የሚል ወፍራም ድምፅ። ክፍያዬን ተቀበልኩ። ስንት ሴት ሰምታ እንደሄደች የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዛሬ ሳስበው፣ ሬዲዮ ከፍታ የሰማች እንደ እህቴ ያለች ሴት ምን አድርጋ ይሆን? ሬዲዮውን ዘግታዋለች።

«እሺ ይበልጣል ከሺ» እንላለን። እሺ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። «ተስማምቻለሁ» የሚል እሺ አለ። «ተምረሻልና አከብርሻለሁ» የሚል እሺ አለ። «በቃሽ፣ ልሂድበት» የሚል እሺም አለ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፊት «እምቢ» ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። ስለዚህ እምቢታችን ሁሉ እሺ ለብሶ ይወጣል። የጤና ሥርዓታችን ይህን እሺ ሰብስቦ ይቆጥራል፣ ሴትየዋ ስትቀር ደግሞ «ግንዛቤ የላትም» ይላል። ግንዛቤ የላትም ከተባለ መድኃኒቱ ተጨማሪ ትምህርት ይሆናል። ተጨማሪ ትምህርት ደግሞ ተጨማሪ እሺ ያመጣል።

ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ የምናውቀው ተረት ያለ ይመስለኛል፦ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።» መካሪው ድርሻውን ተወጥቷል፤ የቀረው የመከራ ሥራ ነው ማለት ነው። ለጎረምሳ ይሠራ ይሆናል። ለዚህ በሽታ ግን አይሠራም። የዚህ በሽታ መከራ አፉን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ ነው። ደም፣ ሽታ፣ የወገብና የሆድ ሕመም ሲመጣ ሃያው ዓመት አልቋል። አክስቴን መከራ መክሯታል። ሰምታውም ነበር፤ ግን ረፍዶ ነበር።

ሌላም ተረት አለን፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» እውነት ነው። ግን ሁልጊዜ የምንወቅሰው ደባቂውን ነው። ማን ጠይቋት፣ ማን ሊሰማት ተቀምጦ ነው የደበቀችው?

ከዚያ እሺ በስተጀርባ ያለውን ጆሮ ለሰጠ ሰው ሴቶች ይናገሩታል። እህቴ ከነገረችኝ ወዲህ ብዙ ሴቶችን ጠይቄያለሁ፤ ጎረቤቶቼን፣ የሥራ ባልደረቦቼን፣ ሱቅ ያላትን ደንበኛዬን። «ደህና ነኝ፤ ሳይታመሙ ሐኪም ቤት መሄድ ሟርት መጥራት ነው» ያለችኝ አለች። «ወንድ ባለሙያ ቢሆንስ?» ያለች አለች። «ባሌ ‹ምን ሠርተሽ ነው› ይለኛል» ያለች አለች። አንዷ የሚያስገቡትን ብረት ከወሊድ ጋር አያይዛው ስትወልድ የደረሰባትን ስድብ ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያ አልጋ ላይ ላለመውጣት ምላለች። አንዷም ተራ ይዛ ገብታ «ዛሬ ዕቃው የለም፣ ሌላ ቀን ነይ» ተብላ የተመለሰች ናት። እነዚህ አምስት ሴቶች አምስት የተለያየ ነገር ይፈልጋሉ። እኛ ግን ለአምስቱም አንድ ፖስተር ሰቅለናል።

*

ከመጠጥ የመጣ ትምህርት

እህቴን ያነጋገረችው ነርስ ያደረገችው ነገር ስም እንዳለው ያወቅሁት ኋላ ነው። ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ ይባላል። በእኛ ቋንቋ «ተነሳሽነትን ከራስ አንደበት የሚያወጣ ውይይት» ብለው ይቀርበኛል።

መነሻው ካንሰር አይደለም፤ መጠጥ ነው። ዊልያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ መጠጥ ካሸነፋቸው ሰዎች ጋር ይሠራ ነበር። በዚያን ዘመን የተለመደው ሕክምና ጠጪውን ፊት ለፊት መጋፈጥ ነበር፦ «ችግርህን እመን!» ማለት። ሚለር ግን ባለሙያው በተጋፈጠ ቁጥር ታካሚው መጠጡን ሲከላከል አስተዋለ። ሐኪሙ «አቁም» ሲል ታካሚው የማያቆምበትን ምክንያት ይደረድራል። ሰው ደግሞ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ይልቅ ከራሱ አፍ ሲወጣ የሰማውን ያምናል። ስለዚህ ባለሙያው ሳያውቀው ሰውየውን በመጠጡ እንዲጸና ይረዳዋል። ሚለር ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፎ አወጣ። በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ወደ ሲጋራ፣ ወደ ስኳር በሽታ፣ ወደ ኤችአይቪ መድኃኒት አወሳሰድ፣ ወደ ካንሰር ምርመራም ተሻግሯል።

የሥራው መሣሪያ አራት ነው። አንደኛ፣ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የማያልቅ ጥያቄ መጠየቅ። ሁለተኛ፣ የሰውየውን ጥንካሬ አይቶ መናገር፤ ሙገሳ ማብዛት ሳይሆን እውነተኛውን ነገር መመስከር። ሦስተኛ፣ የተባለውን መልሶ እንደ መስታወት ማሳየት። አራተኛ፣ የተባለውን ጠቅለል አድርጎ መመለስ። መረጃ መስጠት አልተከለከለም፤ ግን በፈቃድ ነው። መጀመሪያ የምታውቀውን ትጠይቃለህ፣ ፈቅዳልህ ትነግራታለህ፣ ከዚያ «ይህን ስትሰሚ ምን አልሽ?» ትላታለህ። ቸኩሎ የማቃናት አመል ሲመጣብህ ምላስህን ትይዛለህ። ለእኔ ከባዱ ይሄኛው ነው።

*

ሁለት ንግግሮች

በምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌው የእኔ ነው። አርባ አራት ዓመት የሆናት፣ ባሏ የሞተባት እናት ለደም ግፊት መድኃኒት ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ነርሷ ወጣት ናት።

የመጀመሪያው ንግግር እንዲህ ነው።

«እትዬ፣ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አድርገው ያውቃሉ?»
«ኧረ አላውቅም ልጄ።»
«እስከዛሬ! ገዳይ መሆኑን አልሰሙም? በነጻ እየተሠራልዎት ይተዉታል? ሐሙስ እንዲመጡ።»
«እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ።»

አለቀ። ሐሙስ አትመጣም።

ሁለተኛው እንዲህ ነው።

«እትዬ፣ ካልቸኮሉ ስለ አንድ ምርመራ ትንሽ ላጫውትዎት?»
«አጫውቺኝ ልጄ።»
«ስለ ማህፀን በር ምርመራ ሰው ሲያወራ ምን ሰምተዋል?»
«ብረት ያስገባሉ ይላሉ። ደግሞ እኔ ምን ሆኜ? ደህና ነኝ።»
«ብረቱ ያስፈራል። ሳያምም መመርመሩም ትርጉም አልሰጠዎትም።»
«አዎ። ደግሞ ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። እዚያ ክፍል ስገባ ሰው ቢያየኝ ‹ምን ስትሠራ ነው› አይለኝም?»
«ስምዎት በከንቱ እንዳይነሳ ይሰጋሉ። ስድስት ዓመት ብቻዎን ቤቱን በክብር ይዘዋል።»
«ይዣለሁ እንጂ።» ዝም ትላለች። «ብቻ… ከእኛ ሰፈር አንዷ በዚሁ ነው የሞተችው። ልጆቿን ሳይ…»
«ልጆቿን ሲያዩ ምን አሰቡ?»
«የእኔ ትንሿ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት።»

እዚህ ላይ ነርሷ የምትፈልገውን አግኝታለች። የምርመራውን ምክንያት የተናገረችው ራሷ እናቲቱ ናት። አሁን ፈቃድ ጠይቃ ትነግራታለች፦ ቫይረሱ ከብዙ ዓመት በፊት ገብቶ ዝም ብሎ ሊቀመጥ እንደሚችል፣ ስለዚህ ባል መሞቱ የሚለውጠው ነገር እንደሌለ፣ ምርመራው ደቂቃዎች እንደሚወስድ። ከዚያ ትጠይቃለች።

«ከአስሩ ጣትዎ፣ ይህ ምርመራ ለእርስዎ ስንት ጣት ያህል ያስፈልገኛል ይላሉ?»
«አራት ይሆናል።»
«ለምን አራት አሉ? አንድ ወይም ሁለት ለምን አላሉም?»

ጥያቄው እንዴት እንደተጠየቀ አስተውሉልኝ። እኔ ብሆን «ለምን አስር አላሉም?» ብዬ እሷ ሰበብ እንድትደረድር አደርጋት ነበር። ነርሷ ግን ለምን አራት እንደደረሰች ጠየቀቻት። እናቲቱ የምትመልሰው መልስ ሁሉ ወደ ምርመራው የሚስባት ነገር ነው።

ይህች እናት ዛሬ ላትመረመር ትችላለች። ሰው የማያይበት ሰዓት ትመርጥ ይሆናል፤ ጎረቤቷን ይዛ ትመጣ ይሆናል። ግን የቀረው ነገር ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። የመጀመሪያዋ ነርስ ይህን አታውቅም።

*

«ግን እኮ…»

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ የእኔም ናቸው።

«ነርሷ በቀን ስንት ሰው ታያለች? ለዚህ ጊዜ የላትም።» እውነት ነው፣ ጫናው ከባድ ነው። ግን ከላይ ያለውን ንግግር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። ማንንም የማያመጣው የጠዋት ትምህርትም ጊዜ ይበላል። ሁሉንም ሴት በዚህ መንገድ ማነጋገር ካልተቻለ፣ «እሺ» ብለው የቀሩትን ብቻ እናነጋግር።

«የፈረንጅ ዘዴ ነው።» ስሙ የፈረንጅ ነው። ቡና ጠጥተው ጎረቤታቸውን «ምን ሆነሻል?» ብለው ጠይቀው መልሱን የሚጠብቁ እናቶች ግን የእኛ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ሲሄዱ የሚያገኙት ትልቁ ሀብት ያ ቡና ነው። ችግሩ ቡናው ላይ ተቀምጠውም ትምህርት እንዲሰጡ መሠልጠናቸው ነው።

«ያው ማባበል ነው፤ በለስላሳ ቃል ማስገደድ ነው።» ይህ ተቃውሞ ይከነክነኛል። መልሱ አንድ ነው፦ ሴትየዋ እምቢ ልትል የማትችል ከሆነ ውይይት አልነበረም። የዘዴው መሠረት የመጨረሻው ቃል የእሷ መሆኑ ነው። ነርሷ የምርመራ ኮታ ተሰጥቷት ኮታውን ለመሙላት ይህን ብትጠቀም፣ ያው የድሮው ግፊት ነው፤ ድምፁ ብቻ ዝቅ ብሏል።

«በእርግጥ ይሠራል?» ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላሳዩም። አንዳንዶቹ ሴቶችን ወደ ምርመራ እንዳመጣ ያሳያሉ፤ ሌሎቹ ከተራ ማስታወሻ ብዙም እንዳልበለጠ። ተአምር ነው አልልም። ባለሙያዋ በደንብ ካልተለማመደችው ደግሞ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ ከፍርሃቷ ጋር ታግላ የመጣች ሴት በሩ ተዘግቶ ብታገኘውስ? መብራት ጠፍቷል፣ ጋዝ አልቋል፣ የሠለጠነችው ባለሙያ ተዛውራለች ብትባልስ? ቃል አቼቶን አይተካም። መጋረጃ የሌለው ክፍል ውስጥ የተደረገ መልካም ውይይት ተመልሶ ክህደት ይሆናል። ስለዚህ ይህን ዘዴ ለበጀት እጥረት መሸፈኛ የሚያደርግ ካለ እኔ የለሁበትም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ግን ዕቃው ተሟልቶ ክፍሉ ባዶ የሚውልበትም ጤና ጣቢያ አይቻለሁ። ባዶውን ክፍል ተጨማሪ ፖስተር አይሞላውም።

*

ታዲያ ምን ይደረግ?

የአንድ ጋዜጠኛ ሐሳብ ነውና በዚያው ልክ ውሰዱት።

መጀመሪያ የምንቆጥረውን እንለውጥ። «ትምህርት የተሰጣቸው ሴቶች» የሚለው ቁጥር የእሺ ቁጥር ነው። የመጡትን፣ ለውጥ የተገኘባቸውን፣ ታክመው የጨረሱትን እንቁጠር። በተለይ የመጨረሻዎቹን። ለውጥ ተገኝቶባት ወደ ሆስፒታል ተልካ መንገድ ላይ የምትቀር ሴት አለች፤ እሷንም የሚያስቀራት ሌላ ፍርሃት ነው፤ እሷንም የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋታል።

ሁለተኛ፣ ሥልጠናው በአንድ ቀን ስላይድ አይለቅ። መጠየቅ እንደ መርፌ መውጋት በእጅ የሚለመድ ሙያ ነው። አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እርስ በርስ ተለማምደው፣ ተራርመው ሊይዙት ይገባል። መጀመሪያ ደግሞ እነሱ ራሳቸው ይጠየቁ። ስንቶቹ ባለሙያዎች ራሳቸው ተመርምረዋል? ካልተመረመሩስ ለምን?

ሦስተኛ፣ ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ የምትወስድበት የኤችፒቪ ምርመራ ይስፋ። እንደ እህቴ ላለች፣ የሚያስቸግራት ሕመሙ ሳይሆን የሚያውቃት ዓይን ለሆነ ሴት፣ ትልቅ መፍትሔ ነው።

አራተኛው ለእኛ ለወንዶች ነው። «ወንድ ሆነህ ስለ ማህፀን ምን አገባህ?» የምትሉኝ አላችሁ። ቫይረሱን ተሸክመን ወደ ቤት የምናመጣው እኛም ነን። ደግሞ አንድ ሴት «ባሌ ምን ይለኛል» ብላ ስትቀር፣ ያ ባል አንዳችን ነን። ሚስትህን «ሂጂ ተመርመሪ» ብለህ አትዘዛት። «ምን ያስፈራሻል?» በላት፤ ከዚያ አትከራከር። «አብሬሽ ብሄድ ይሻልሻል ወይስ ብቻሽን?» በላት። ልጆቹን የምትይዝላት ከሆነም ንገራት።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ለአንቺ ምክር የለኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ስለዚህ ምርመራ ሲነሳ መጀመሪያ ወደ ልብሽ የሚመጣው ምንድን ነው? ለእኔ መመለስ የለብሽም። ለምታምኚው ሰው ንገሪው። ከቻልሽ ያ ሰው ባለሙያ ይሁን። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባሽ ከቆመ በኋላ ደም ካየሽ ግን የምርመራ ቀጠሮ እንኳ አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ሂጂ። ይህኛው ጥያቄ አይደለም፣ ልመና ነው። አክስቴን አስታውሼ ነው።

ባለፈው እሑድ እህቴ ጋ ደወልኩ። እንደ ልማዴ ምክር ልጀምር ስል ያዝ አደረግሁና «እንዴት ነሽ?» ብቻ ብዬ ዝም አልኩ። አርባ ደቂቃ አወራችኝ።

ቸር እንሰንብት።